ለካ

ዛፍ አይቆምም እዚህ፣ በስኮትላንድ ዳርቻ፤
የጥርብ ድንጋይ አጥር፣ ባሕር፣ ነፋስ ብቻ።
አባባ፣ አንተ ደሞዝ በልተህ የሠራኸውን ቤት
እኔ ደሞዝ እየበላሁ አፈርሳለሁ በስልት፤
ጡብ በጡብ፣ ቧንቧ በቧንቧ፣ በቀስታ፣ በፍርሃት፤
ነዳጁ ከወጣ ቆየ፣ ቁጣው ግን አልወጣለት።
ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ሲነካህም አታውቅ፤
ዓመታት ቆይቶ ነው በደምህ የሚታወቅ።

ስለዚህ እሱን ላክን፦
ስድስት እግር፣ አንድ ዓይን፣ ቁመቱ ከበግ ያጠረ፣
ጨረር ሲነካው የሚያበራ ክሪስታል ደረቱ ላይ ያሰረ።
ፓርታን አሉት ልጆቹ፣ ሸርጣን ማለታቸው ነው፣
በጠባቡ በር በኩል በጎኑ ሲገባ አይተው።
እኔ ከሦስት ግድግዳ ማዶ፣ ሻዬ እየቀዘቀዘ፣
እጄ ከመሪው ላይ፣ ልቤ ከሱ ጋር ተጓዘ።

ጣሪያውን ለካ።
ዝገት ያነቀውን የቧንቧ ክርን ለካ።
ከስልሳ ዓመት በፊት አንዱ ጥሎት የሄደ ጓንት፣
ጣቶቹ እንደተዘረጉ፣ እሱንም ለካ።
ባዶውን አየር ለካ፤
ባዶም ቁጥር አለው ለካ።

ስክሪኑ ሰማያዊ ነበር፣ እንደ ረጋ ውኃ፤
ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣
በምሥራቁ ማዕዘን፣ ከወለሉ ሥር ደግሞ
የተዳፈነ ፍም መሳይ ቀይ ነጥብ፣ ብቻውን ቆሞ።

ቶርኪል የድሮውን ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤
በጣቱ ፈለገ፣ በመነጽር ፈለገ፣ እስኪነጋ።
ወረቀቱ፣ «የለም» አለ።
ሸርጣኑ፣ «አለ» አለ።
ደግመን ላክነው፤
ደግሞ፣ «አለ» አለ።

ቅዳሜ ቱርሶ መጣሁ፣ ካረጋውያኑ ቤት፣
ካርታውን አጥፌ፣ ከብስኩትህ ጋር በከረጢት።
ልጠይቅህ አልነበረም፤ ሥራዬን ላሳይህ ነበር እንጂ።
ጣትህ ግን ቀደመችኝ፤
ገና ሳልነግርህ ቀዩ ላይ ሄዳ ቆመች።

«አርብ ማታ ነበር፣ ዶሊና» አልክ፣ መስኮቱን እያየህ።
አራት ነበራችሁ። ቫልቭ አፈሰሰ።
መወልወያና ባልዲ፤ ሌላ ምን ነበር በጊዜው?
አለቃው፣ «ብዕር አይደለም፣ ሲሚንቶ አምጡ» ነው ያለው።
አሊስተር በጅ በሃምሳ አንድ ዓመቱ ሞተ፤
በምን እንደሆነ ማን ለካው?
አንተ እጅህን ታጠብክ፣ በሳሙና፣ በአሸዋ፣ በሆምጣጤ፤
ቤት ደርሰህም ታጠብክ፣ ቆዳህ እስኪላጥ።
እኔ የሦስት ሳምንት ጨቅላ ነበርኩ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትነግረኝ ኖራለች፣
«አባትሽ አንድ ወር ሙሉ አላቀፈሽም» እያለች።
ወንድ ልጅ ፈልጎ ነው ብዬ ቂሜን ቋጠርኩ፣
ሃምሳ ምናምን ዓመት፤
የልደቴን ኬክ ስትቆርስልኝ እንኳ
እጅህን እንደ ባዳ እጅ ነበር የማየው።

ለካ፣
ከበሩ ላይ ቆመህ፣ ካልጋዬ አራት እርምጃ፣
መሣሪያ ሳይኖርህ፣ ማንም ሳያስተምርህ፣
ርቀት ነበር የምትለካ።

ዝም አልን። የሻይ ጋሪ አለፈ።
«አሁን ስንት ቀረው?» አልክ።
«በየሠላሳ ዓመቱ ግማሹ ይሞታል፤ እንግዲህ ሩቡ ገደማ።»
«ከኔም ያው ነው» ብለህ ሳቅክ፣
ሳቅህ ከሳል ተደባልቆ እስከ ኮሪደሩ እየተሰማ።

ሰኞ ንድፉን አወጣሁ። ባዶው ማዕዘን ላይ
በቀይ ብዕር፣ በትልቁ ጻፍኩ፦ «አለ።»
ከሥሩ፣ የአራታችሁን ስም።

ሸርጣኑ አይወጣም። እሱም ተበክሏል፤
ሊለካው የሄደውን ጠጥቶ፣ ራሱ ቆሻሻ ሆኗል።
በርሜል ተዘጋጅቶለታል፣ ቁጥሩም ተጽፏል።
ያን ማታ ግን ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል
አላጠፋሁትም።
በጨለማው ውስጥ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ፣
ያንን ጓንት ድጋሚ ለካ።